ቆማ የጠጣችው ቤንዚን

ባለቤቴ መኪናዋን የገዛት ወረርሽኙ ከመግባቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነበር። አዲስ፣ ከነላስቲኳ። የመቀመጫውን ላስቲክ እንዳልነካ አደራ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን በመጀመሪያው አርብ ቦጫጭቄ ጣልኩት፣ በዚያ ሙቀት ላስቲክ ላይ ተጣብቄ የምውል ምን በወጣኝ። አልተቆጣኝም። የእሱ ሐሳብ ሌላ ቦታ ነበር። ሻጮቹ በሰጡት ወረቀት ላይ ይህች መኪና መቶ ኪሎ ሜትር ለመሄድ አምስት ሊትር ቤንዚን ይበቃታል የሚል ተጽፏል፤ እሷ ግን ስድስት ተኩል ትጠጣለች። ያቺ አንድ ሊትር ተኩል እንቅልፍ ነሳችው።

እኔ አቡ ዳቢ፣ ኸሊፋ ሲቲ ውስጥ ለአንድ ቤተሰብ ሹፌር ነበርኩ። ሴት ልጆችን ትምህርት ቤት የምታደርስና የምትመልስ ሴት ሹፌር እዚህ አገር ትፈለጋለች። የአሠሪዬ የማዳም መኪና እንደ ቤት ትልቅ ናት፤ ቤንዚኗን የሚሞላው ሌላ ሰው ስለሆነ ምን ያህል እንደምትጠጣ ጠይቄም አላውቅ። ባለቤቴ ደግሞ አል ዓይን ከተማ፣ ሰናዕያ በሚሉት የጋራዥ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ እዚያው አል ጂሚ ከአንድ የወሎ ልጅ ጋር ክፍል ይጋራል። እኔ የምተኛው ማዳም ግቢ፣ እሱ የሚተኛው ወንዶች በሚኖሩበት ቤት። ተጋብተን ብዙ ዓመት ስንቆይ አንድ ጣራ ሥር አድረን የምናውቀው ለእረፍት ደሴ ስንሄድ ብቻ ነበር። መኪናዋ የተገዛችው ለዚህ ነው። አርብ ጠዋት ከአል ዓይን ተነስቶ ይመጣል፣ ማታ መልሶኝ ይሄዳል።

መሄጃ ግን የለንም። አል ዋሕዳ ገበያ ማዕከል ገብተን እንዞርና እግራችን ሲዝል ወደ መኪናችን እንመለሳለን። አንዳንዴ ደግሞ መንገዱ ራሱ መዋያችን ይሆንና አል ዓይን ደርሰን እንመለሳለን። የምንበላው እሷ ውስጥ ነው፣ የምንጣላው እሷ ውስጥ፣ የምንታረቀውም እሷ ውስጥ። ሰው «ቤታችሁ የት ነው?» ሲለኝ የታርጋ ቁጥሯን ልነግረው ያምረኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላም ሆነ ከዚያ በፊት እንደዚያች ነጭ መኪና የራሴ የመሰለኝ ቤት የለም።

ጠባችን ሁልጊዜ አንድ ነበር። ጥላ ፈልገን እንደቆምን እጁ ወደ ሞተር ማጥፊያው ይሄዳል።

«አታጥፋት!» እላለሁ። «ኤሲው ይሥራ፣ በአላህ፤ ቀለጥኩ እኮ።»

«መስኮት ክፈቺ።»

«በመስኮቱ የሚገባው እሳት ነው።»

«ሚኒሞ ላይ ቆማ አንድ ሜትር ሳትሄድ ትጠጣለች። ለምን? ለከንቱ።»

ሚኒሞ የሚሉት የአገራችን ሜካኒኮች ናቸው፤ ሞተሩ ተነስቶ መኪናው ሳይነቃነቅ ሲቀር ነው። እሱ ቃሉን ሲያነሳው እንደ ኃጢአት ነበር። መኪና ሄዳ ብትጠጣ ይገባዋል፤ ቆማ ስትጠጣ ግን አንጀቱ ይቃጠላል።

«ታዲያ እኔ ነኝ ከንቱ?» እለዋለሁ። «እኔን ልታቀዘቅዝ አይደል የምትጠጣው?»

ይስቃል። ይስቅና ያጠፋታል።

ቤንዚን ሲቀዳም ሥርዓት ነበረው። ግማሽ የለም፣ ሩብ የለም፤ ሁልጊዜ ሙሉ። መቅጃው በራሱ ጠቅ ብሎ ሲቆም «በቃ፣ ከዚህ በላይ እንዳትጨምር» ይላል ለቀጂው። ከዚያ ከመሪው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ በአውራ ጣቱ ተጭኖ የአማካዩን ቁጥር ወደ ዜሮ ይመልሳል። ሰሌዳው ላይ የሚመጣው ቁጥር መኪናዋ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በመቶ ኪሎ ሜትር በአማካይ ስንት ሊትር እንደጠጣች ይናገራል። ሱቁ የሚመጡ ደንበኞች «መኪናዬ ትጠጣለች» ብለው ሲያማርሩ «የምትጠጣው እሷ አይደለችም፣ እግርህ ነው» ሲል ኖሯል። አሁን በራሱ እግር የወረቀቱን አምስት ማምጣት አለበት፤ አለበለዚያ እንዴት አፉን ሞልቶ ይናገራል?

ስለዚህ የአል ዓይንን መንገድ እንደ ቀብር አጃቢ ነበር የምንሄደው። በቀኝ ጥግ፣ ከጭነት መኪኖች ጋር። እነሱም ሳይቀሩ ጥሩምባ እየነፉ ያልፉናል። እኔ ከሰው እንዳልተያይ ሻርፔን ወደ ፊቴ እስባለሁ። መሪውን ለእኔ ሲሰጠኝ ደግሞ ቁጥሩ ወዲያው ወደ ላይ ይወጣል፤ እሱም ሆዱን እንደታመመ ሰው ይታጠፋል።

«ቀስ! እንቁላል ረግጠሽ እንደምትነጂ አስቢ።»

«እንቁላል ረግጬ አላውቅም።»

«አንቺማ በማዳም ቤንዚን ተበላሽተሻል።»

አንድ አርብ፣ ብርዱ በገባበት ሰሞን፣ ኤሲ ሳያስፈልግ መስኮት ገርበብ አድርገን ስንሄድ ቁጥሩ ወረደ። ስድስትን አለፈ። አምስት ከምናምን ሆነ፤ ምናምኑም እያነሰ ሄደ። እንዳላወራ በእጁ ምልክት ሰጠኝ፣ ወሬዬ ቤንዚን የሚጨምር ይመስል። እኔም ትንፋሼን ያዝኩለት። ግን አቡ ዳቢ ዳር ደረስንና ቀይ መብራት ያዘን። ቆመን መብራቱን ስንጠብቅ ቁጥሩ ዓይናችን እያየ ተመልሶ ወጣ። ባለቤቴ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ፤ እኔ ሳቅ ገደለኝ። ከኋላችን ያለው ሰው ጥሩምባውን እስኪያቀልጠው ድረስ መብራቱ አረንጓዴ መሆኑን አላየንም።

ሁለታችንም ከልብ የሳቅንበት የመጨረሻ አርብ ያ ሳይሆን አይቀርም። ወዲያው ሁሉም ነገር ተዘጋ። የማዳም እናት አብራ ስለምትኖር ግቢያችን እንደ ምሽግ ሆነ፤ ሠራተኛ ከበር አይወጣም፣ የመጣ ዕቃ በር ላይ ታጥቦ ይገባል። ልጆቹ በኮምፒውተር ስለሚማሩ ትልቋ መኪና ቆመች፣ እኔም ቆምኩ። በአቡ ዳቢና በአል ዓይን መሃል ያለው መንገድ ለጊዜው ተከለከለ። በስልክ ሲያወራኝ ስለ ራሱ የሚለው ነገር የለውም፤ ስለ መኪናዋ ነው። «ባትሪዋ እንዳይሞት ዛሬ አስነሳኋት። ትንሽ ጠጣችብኝ» ይለኛል፣ አዝኖ። መንገዱ ሊከፈት ነው የሚባል ወሬ የሰማ ዕለት ሄዶ ሞላትና ያቺን ትንሽ ቁልፍ ተጭኖ ዜሮ አደረጋት። «ለአንቺ ተዘጋጅታለች» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሱቁ ከመመላለስ በቀር የትም አልነዳትም።

መንገዱ ተከፈተ፤ የማዳም በር ግን አልተከፈተም። በጋው እሳት እንደሆነ የወሎው ልጅ ደወለልኝ። ባለቤቴን ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት አምቡላንስ ወስዶታል፤ ልጁም ራሱ እስኪመረመር ክፍሉ ውስጥ ተዘግቶበታል።

ማዳም ጋ ሄድኩ። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ፊቷ ላይ ፍርሃት ብቻ ነበር። «እናቴን እያየሻት ነው» አለችኝ። «ከዚያ በር ከወጣሽ ኸላስ፣ አበቃ፤ ዝም ብለሽ አትመለሺም።»

የትልቋን መኪና ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በእሷ ቤት ስም ነው፤ ሥራው ከሄደ አገሩም ይሄዳል። ይህን አስቤ የወጣሁ አይምሰላችሁ። በእኛ ዘንድ የታመመ ሰው ብቻውን አይተኛም። ደሴ ሆስፒታል አንድ ሰው ቢተኛ አንዱ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው ግቢው ውስጥ ጋቢ አንጥፎ ያድራል፣ መድኃኒት ባይገኝ እንኳ የሚያስታምም ሰው ይገኛል። በሽተኛው ዓይኑን ሲገልጥ የሚያውቀውን ፊት ማየት አለበት። የሱ ሰው በዚህ አገር እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ካልሄድኩ ማን ይሄዳል?

ከአል ዋሕዳ አጠገብ በሹፌሩና በእኔ መሃል ላስቲክ የተጋረደበት ታክሲ ይዤ አል ጂሚ ደረስኩ። የወሎው ልጅ የመኪናዋን ቁልፍ በፌስታል አድርጎ የበሩ እጀታ ላይ አንጠልጥሎልኛል። በተዘጋው በር ውስጥ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ይለኛል፣ እኔም ከውጭ «አሚን» እላለሁ፤ ሁለታችንም እናለቅሳለን። መኪናዋ አቧራ ለብሳ ቆማለች። ስገባ የእሱ ሽታ አለ። መቀመጫውን ወደ ፊት አላስጠጋሁትም፣ እግሬ ፔዳሉ ላይ እንደምንም ነው የሚደርሰው፤ እንዲያው ነዳኋት።

ሆስፒታሉ አላስገባኝም። ዘበኛው በሩቁ እጁን ዘርግቶ «ማንም አይገባም» አለኝ፤ ለእኔ ብቻ አልነበረም፣ የአገሬው ሰውም ይመለስ ነበር። ለምኜ ሳይሆንልኝ ሲቀር መኪናዋን ከባለቤቴ ክፍል በኩል ባለው ማቆሚያ፣ ከመስኮቶቹ ሥር አቆምኩ። ጥላ የለም። ሞተሩ ከጠፋ ሰው ውስጧ ሩብ ሰዓት አይቆይም፤ ስለዚህ ሚኒሞ ላይ ተውኳት። እንግዲህ ማስታመም ከዚያ ጀመርኩ። ጋቢ የለ፣ ጓዳ የለ፣ ከጎኔ የሚቀመጥ ሰው የለ፤ ኤሲና እኔ። ጠዋት እመጣለሁ፣ ሲመሽ አንዲት የአገሬ ልጅ ክፍሏ በር ሥር ባነጠፈችልኝ ፍራሽ ላይ አርፋለሁ።

ስልክ መያዝ ሲችል ይደውልልኛል። አፍንጫው ላይ ኦክስጅን ስላለ ሁለት ሦስት ቃል ይልና ያርፋል። መምጣቴን ሲሰማ ተቆጣ። «ኢቃማሽስ?» አለኝ። «ማዳምን ለምኛት። ተመርመሪ። መኪናዋን ይዘሽ ሂጂ።» ማዳም በእርግጥ ደውላ ነበር፤ ምርመራው ንጹሕ ከሆነና ቶሎ ከመጣሁ እንደምትቀበለኝ፣ ለብቻ ክፍል እንደምትሰጠኝ ነግራኛለች። ይህንን ስነግረው እፎይ አለ። ስለ እኔ እየተጨነቀ ትንፋሹን እንዳይጨርስ ብዬ «እሺ፣ እሄዳለሁ» አልኩት። በማግስቱ «ሄድሽ?» ሲለኝ «አዎ፣ ገባሁ» አልኩት። ከመስኮቱ ሥር ሆኜ።

በሚቀጥለው ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለ። ድምፁ ቀጥኗል።

«ስንት አመጣሽ?»

«ምኑን?»

«መንገዱን። ከአል ዓይን ኸሊፋ ሲቲ። አማካዩ ስንት ይላል?»

እንኳን አስቤ ልመልስ፣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ስለ ቤንዚን መጠየቅ ከጀመረ ተሽሎታል አልኩ። ሰሌዳውን አየሁና የተጻፈውን ነገርኩት። «አስራ አራት።»

ኦክስጅኑ ሲነፍስ ይሰማኛል።

«ደግመሽ እዪው።»

«አስራ አራት ነው የሚለው። ያው የእኔ እግር ነዋ።»

«እግርሽ አይደለም» አለኝ። አረፈ። «በአንቺ እግር ስምንት ትመጣለች። ዘጠኝ። በመንገድ አስራ አራት አትመጣም።» እንደገና አረፈ፣ ረጅም። «ቆማ ነው የጠጣችው። ሚኒሞ ላይ ናት። አልሄድሽም።»

ቀና ብዬ መስኮቶቹን አየሁ።

«የት ነሽ?»

«ከሥርህ ነኝ» አልኩት።

«መቼ መጣሽ?»

«አልሄድኩማ።»

ባለቤቴ ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም። ያን ቀን አልቅሶ እንደሆነም አላውቅም፤ ከማሽኑ ድምፅ መለየት አልቻልኩም። ቆይቶ ከነርሷ ጋር ሲነጋገር ሰማሁት፣ ከዚያም «መብራት አብሪ» አለኝ። የፊት መብራቱን አብርቼ አጠፋሁ፣ አብርቼ አጠፋሁ። ከላይ አንድ መስኮት ላይ ፊቷ በጭምብልና በመስታወት የተሸፈነ ሴት ቆመች። ወደ ታች አየች፣ ጓንት ያለበት እጇን አነሳች። እኔም እጄን አነሳሁ፤ የሱን እጅ የያዝኩ ነው የመሰለኝ።

«አየችሽ» አለኝ። «ነጭ መኪና አለች።»

«ያቺ ናት።»

«ይሞቃል?»

«ኤሲው አለ።» ልቡን ላስደስተው ብዬ «በል አሁን ላጥፋትና ጥላ ልፈልግ» አልኩት።

«ተይ» አለኝ። «አታጥፊያት።»

«ቤንዚኑስ?»

«ትጠጣ። አታጥፊያት።»

ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማሁም። ያን ምሽት ወደ ፍራሼ አልሄድኩም። ሞተሩም አልጠፋም።

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰዎች ተሰብስበው በማለዳ ይመጣሉ፣ ከግራ ከቀኝ ይይዙሻል፣ ፊታቸውን አይተሽ ከመናገራቸው በፊት ትረጃለሽ፣ ስትወድቂ የሚያነሳሽ ክንድ አለ። ለእኔ የደወለልኝ የማላውቀው ሰው ነው። ጎህ ከቀደደ በኋላ፣ በእንግሊዝኛ፣ በትሕትና። መጀመሪያ ስሜን አረጋገጠ። ከዚያ «ብቻዎን ነዎት?» አለኝ። የሚቀጥለውን ያወቅኩት ያኔ ነው። ጮኼ አለቀስኩ፤ መስኮቶቹ ዝግ ስለነበሩ ማንም አልሰማኝም። በአጠገቤ የሚያልፉ ሰዎች ጭምብላቸውን እያስተካከሉ አለፉ።

የቀበሩት በዚያው ቀን ነው። እንዲገቡ የተፈቀደላቸው ጥቂት ወንዶች ነበሩ፤ የወሎው ልጅ ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ከተዘጋበት ወጥቶ ስለነበር እሱ ቆመልኝ። እኔ ከመቃብሩ አጥር ውጭ፣ መኪናዋ ውስጥ ነበርኩ። ከሩቅ ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች ሲያጎነብሱ ይታየኛል። እንኳን ፊቱን፣ ከፈኑን አላየሁትም። የወሎው ልጅ ተመልሶ ሲመጣ በመስኮቱ በኩል፣ ርቀቱን ጠብቆ፣ «ቀብሩ ብዙ አልቆየም፣ በደንብ ተደርጓል» አለኝ። እጁ አቧራ ነበር። ልይዘው ፈለግሁ፤ አልተፈቀደም።

ማዳም ደወለች። አለቀሰች። «ነይ ልጄ፣ ክፍሉ ተዘጋጅቷል» አለችኝ። ሌላ የምሄድበት ስለሌለ ወደ ኸሊፋ ሲቲ መንገድ ጀመርኩ።

በቀኝ ጥግ ነዳሁ፣ ከጭነት መኪኖቹ ጋር። ማንም ሳያዘኝ እግሬ ለራሱ ቀለለ፤ እንቁላል የረገጥኩ ይመስል። ጥሩምባ ነፉብኝ፣ አለፉኝ፣ ሻርፔን አልሳብኩም። ሰሌዳው ላይ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። አስራ አምስት ደርሶ የነበረው አስራ አራት ሆነ፣ ከዚያ አስራ ሦስት። እሱ ቢያይ እንዴት ደስ ባለው! እኔ ግን ቁጥሩ በወረደ መጠን ሆድ እየባሰኝ ሄደ፤ ከመስኮቱ ሥር የቆምኩት ሁሉ እየተሰረዘብኝ፣ እንዳልነበረ እየሆነ መሰለኝ። አንድ ጊዜ ዳር ይዤ ቆሜ፣ ቁጥሩ እስኪመለስ ልጠብቅ አልኩ። ትንሽ ወጣ። ያበድኩ መሰለኝና ነዳሁ።

መንገዱ ሳይጋመስ የቤንዚን መብራቷ በራ። ያኔ ነው ያስታወስኩት፤ የማቃጥለው እሱ የሞላውን ቤንዚን ነው፣ ለእኔ ብሎ ያዘጋጀውን፣ ያውም ሊያልቅ ነው። መብራቱን እያየሁ ብዙ ሄድኩ። መሃል በረሃ ላይ ልትቆም ስትል፣ ስንሄድም ስንመጣም የምንቆምባት ማደያ ገባሁ።

ቀጂው ሸምገል ያለ ሰውዬ ነበር፤ ጭምብሉ እስከ ዓይኑ ወጥቷል። መስኮቴን አንኳኳና በእጁ የቁልፍ ምልክት አሳየኝ። ሞተር አጥፊ ማለቱ ነው፤ ሞተር ሳይጠፋ አይቀዳም። በእንቢታ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። የገባኝ አልመሰለውምና ደግሞ አሳየኝ። ከኋላዬ ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ። ባለቤቴ «አታጥፊያት» ካለኝ ጀምሮ አልጠፋችም፤ በመስኮቱ ሥር አልጠፋችም፣ በመቃብሩ በር አልጠፋችም። ሰውዬው አልተቆጣም፤ መቅጃውን ይዞ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«ላጥፋት?» አልኩ ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ።

ሰውዬው ለእሱ የተናገርኩ መስሎት በእሺታ ራሱን ነቀነቀልኝ።

አጠፋኋት።